የመስኮቴ መደርደሪያ፦ የድሮ የአሜሪካ ሸክላ በርካሽ ስፈልግ

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጀመርኩ።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሸክላ አገር ላይ እንደምኖር አላውቅም ነበር። ከእኛ ሰፈር ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ቢነዱ ዜንስቪል ይደርሳሉ። ከዚያ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ ሮዝቪልና ክሩክስቪል የሚባሉ ትንንሽ ከተሞች አሉ። ባለፈው መቶ ዓመት ብዙ የአሜሪካ ቤት ውስጥ የገባው የአበባ ማስቀመጫ፣ የኩኪ ማሰሮና ጎድጓዳ ሳህን የተሠራው እዚያ ነው። ጥሩ የሸክላ አፈር አላቸው። ለምድጃው የድንጋይ ከሰልና የተፈጥሮ ጋዝ ነበራቸው። ዕቃውን የሚያወጡበት ወንዝና ባቡርም ነበራቸው። ዜንስቪልን «የሸክላ ከተማ» ይሏት ነበር።

ማዕድ ቤታችን መስኮት ላይ አንድ ባዶ መደርደሪያ አለ። እሱን በእነዚህ ዕቃዎች እሞላለሁ ብዬ ተነሳሁ። ጊዜው እስከ ኦገስት መጨረሻ፣ ገንዘቡ 150 ዶላር። ለአንድ ዕቃ ከ15 ዶላር በላይ አልከፍልም።

የመጀመሪያዋን ዛሬውኑ አገኘኋት። ሰፈራችን ያለው ትሪፍት ስቶር (ያገለገለ ዕቃ በርካሽ የሚሸጥበት ሱቅ) ውስጥ፣ የሻማ ማስቀመጫዎች መሀል ተወሽቃ ነበር። አረንጓዴ የተክል ማስቀመጫ ናት፤ ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ዙሪያዋን ይዞራል። ገልብጬ ቂጧን አየሁ። ከሸክላው ጋር አብሮ የወጣ ጽሑፍ አለ፦ ማኮይ፣ ዩኤስኤ። 6 ዶላር።

ማኮይ በ1910 ሮዝቪል ውስጥ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው። በ1990 ተዘጋ። መጀመሪያ የሚሠራው የእህልና የወተት ማስቀመጫ፣ ወፍራም የማዕድ ቤት ዕቃ ነበር። በኋላ ወደ አበባ ማስቀመጫና ወደ ኩኪ ማሰሮ ዞረ። ዕቃው በየከተማው ባሉ፣ በሳንቲም ዋጋ በሚሸጡ ርካሽ ሱቆች ይሸጥ ነበር። ለሠራተኛ ቤት የተሠራ ነው። እኔን የሳበኝም ይኸው ነው። ለተራ ሰው የተሠራ ዕቃ ዛሬም ተራ ሰው በሚችለው ዋጋ መገኘት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ማርች 11

እማዬ ማስቀመጫዋን አነሳቻት። መዳፏ ላይ አስቀምጣ በጥፍሯ ኳ አደረገቻት፤ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። እንደገና ኳ። «ይቺ ተሰንጥቃለች» አለችኝ።

እኔ ምንም አላየሁም ነበር። መብራት ሥር ወስጄ ሳገላብጣት ከአፏ ወደ ታች የምትወርድ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አገኘሁ።

እማዬ ገበያ ላይ ጀበናና ድስት ስትገዛ የምታደርገው ነው። ደህና ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ አለው። እዚህ ያሉ ሰብሳቢዎችም ይህንኑ እንደሚያደርጉ በኋላ አነበብኩ። ከአሁን በኋላ ሳላንኳኳ አልገዛም። ማስቀመጫዋ ግን ትቀመጣለች፤ ስንጥቋ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

አራት ቡናማ ኩባያ፣ አንዱ በ1 ዶላር። ጠርዛቸው ላይ ነጣ ያለ ቅብ እንደ አረፋ ፈሶ የደረቀባቸው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ትሪፍት ስቶር ገብቶ ይህን ቡናማ ዕቃ ያላየ ሰው የለም። ብዙ ፋብሪካ ሠርቶታል፤ የእኔዎቹን ስገለብጣቸው ግን ሀል የሚል ተጽፎባቸዋል።

የሀል ታሪክ ልብ ይነካል። ፋብሪካው ክሩክስቪል ነበር፤ በ1905 ነው የተቋቋመው። በጁን 1950 ከባድ ዝናብ ጣለና ከተማዋን ጎርፍ መታት። ውኃው እየነደደ ያለ ምድጃ ላይ ደረሰ። እሳት ተነሳ፤ ፋብሪካው ወደመ። ሰዎቹ ግን ሥራውን አልተዉትም። እንደገና ሠርተው በ1952 ከፈቱት።

ይህ ለገዢም ይጠቅማል። ከጎርፉ በፊት የተሠራው የሀል የአበባ ማስቀመጫ አብዛኛው የማያብረቀርቅ፣ ሮዝና ሰማያዊ እየተቀላቀለ የሚደበዝዝ ቀለም አለው። ዋጋውም ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ የመጣው በብዛት የሚያብረቀርቅ ነው። ቡናማው የማዕድ ቤት ዕቃ የመጣው በ1960 ነው፤ በጣም ብዙ ስለተሠራ እስከ ዛሬ ርካሽ ነው። አዲስ ጀማሪ ከየት ልጀምር ቢለኝ ከዚህ እለዋለሁ። በአንድ ዶላር የአንድ ከተማን ታሪክ ይዞ ቤቱ ይገባል።

እስካሁን 10 ዶላር።

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

ኢስቴት ሴል። ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አንድ አዛውንት ሲሞቱ ወይም ወደ መጦሪያ ሲገቡ፣ ቤታቸው ይከፈትና ውስጡ ያለው ሁሉ ዋጋ ተለጥፎበት ይሸጣል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያው ቀን ነጋዴዎች ገና ሳይነጋ ይሰለፋሉ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ብዙ ቦታ የቀረው ነገር በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። እኔ የመጨረሻው ቀን ሰው ነኝ። ምርጡ ዕቃ አልቋል፤ ግን እኔ የምፈልገው ምርጡን አይደለም።

መጀመሪያ ስሄድ ከብዶኝ ነበር። የሰው አልጋ፣ የሰው ጫማ፣ ፎቶ የተነቀለበት ግድግዳ። እኛ አገር የሟች ዕቃ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል እንጂ እንግዳ መኝታ ቤት ገብቶ አያገላብጠውም። ስለዚህ ስገባ ቀስ ብዬ ነው የምራመደው። ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። የሟች ልጅ ካለች «እግዜር ያጽናሽ» ለማለት ያህል በእንግሊዝኛ የምችለውን እላለሁ።

ዛሬ ሴትዮዋ የአበባ ማስቀመጫዎቻቸውን የደረደሩት ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነበር። የሄገር ማስቀመጫ በ8 ዶላር አገኘሁ። ሄገር የኢሊኖይ ፋብሪካ ነው። በ1871 በጡብ ሥራ ጀመረ፤ የዚያ ዓመት እሳት ቺካጎን ሲያወድማት ለመልሶ ግንባታው ጡብ ካቀረቡት አንዱ ነው። በ2016 ተዘጋ። የእኔዋ ረጅም ናት፤ አንገቷ እንደ ዳክዬ ይታጠፋል። ሥሯ ላይ ወርቃማ የወረቀት ምልክት እንደተለጠፈባት አለች። ወረቀቱን እንዳታነሡት። አንዳንዱ ዕቃ ከዚያ ወረቀት ሌላ መታወቂያ የለውም።

ከማዕድ ቤቱ ደግሞ አንድ የፊየስታ ሳህን በ3 ዶላር። ይቺ ሰፋ ያለ ወሬ ይገባታል።

ፊየስታን የሠራው ሆመር ላፍሊን ነው፤ ዌስት ቨርጂንያ፣ ኒዌል ውስጥ። ኦሃዮ ወንዝን ተሻግሮ ማዶ የሸክላ ከተማዋ ኢስት ሊቨርፑል ትገኛለች። ንድፉን ያወጣው ፍሬድሪክ ኸርተን ሪድ የሚባል እንግሊዝ ተወላጅ ሸክላ ሠሪ ነው። በ1936 ገበያ ላይ ዋለ። አሜሪካ በድህነት በተጨነቀችበት ዘመን ነው፤ ሰው ሙሉ ስብስብ መግዛት ሳያስፈልገው አንድ ቢጫ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ አረንጓዴ እያለ እያደባለቀ ገበታውን ያሳምር ነበር። ጠርዙ ላይ ያሉት ክብ መስመሮች እንደ ውኃ ሞገድ ናቸው።

የእኔ ሳህን ቀለም «ቀይ» ይባላል፤ ለዓይን ግን ብርቱካናማ ነው። ያ ቀለም የመጣው ከዩራኒየም ነው። በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ዩራኒየሙን ለራሱ ስለፈለገው በ1943 ቀዩ ከገበያ ወጣ። በ1959 ተመለሰና እስከ 1972 ተሠራ። መደርደሪያ ላይ መቀመጡ አያስጨንቀኝም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ግን እንዲህ ባለ ዕቃ አትብሉ፣ አትጠጡ ይላል፤ እኔም አልበላበትም። በተለይ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ኮምጣጤ ያለበት ነገር ከቅቡ ውስጥ ንጥረ ነገር ያወጣል። ብዙ የድሮ ቅብ ደግሞ እርሳስ አለበት። ልጆች ያላችሁ፣ የድሮ ባለ ቀለም ሸክላን ለዓይን ብቻ አድርጉት። ፊየስታ ዛሬም ይመረታል፤ ከ1986 ጀምሮ የሚሠራው ያለ እርሳስ ነው። መብላት ለፈለገ እሱ አለለት።

21 ዶላር።

ኤፕሪል 19

ነጭ የማኮይ አበባ ማስቀመጫ፣ 7 ዶላር፣ ከጋራዥ ሴል (ሰው ያገለገለ ዕቃውን ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚሸጥበት)። መላ አካሏ እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭን መስመር ተሸፍኗል፤ መስመሮቹ ውስጥ ቡናማ ቆሻሻ ገብቷል። ይህን ክሬዚንግ ይሉታል። ሸክላውና ላዩ ላይ ያለው እንደ መስታወት ያለ ቅብ እኩል ስለማይለጠጡና እኩል ስለማይሰበሰቡ፣ ከጊዜ በኋላ ቅቡ ይሰነጣጠቃል። ዕቃው ተሰበረ ማለት አይደለም። ሽበት ነው።

ሻጩ «በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋት፤ ነገ ነጭ ትሆናለች» አለኝ። ዘፈዘፍኳት። በነጋታው እውነትም በረዶ መሰለች። ደስ ብሎኝ ለሁሉም አሳየሁ።

ሜይ 10

በበረኪና የዘፈዘፍኳት ማስቀመጫ ተበላሸች። ገላዋ ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ። ዛሬ ጠዋት በጨርቅ ስጠርጋት የጥፍር ያህል ቅብ ተላጠና እጄ ላይ ቀረ። ሥሩ ያለው ሸክላ እንደ ኖራ ይፈረፈራል።

በረኪናው በስንጥቆቹ አልፎ ወደ ሸክላው ሆድ ገብቶ ነበር። ውኃው ሲደርቅ ጨው ሆኖ ቀረ። ጨው ሲረጋ ይገፋል፤ ቅቡን ከውስጥ ወደ ውጭ ፈነቀለው። ሰባ ዓመት የቆየች ዕቃ በእኔ እጅ በሦስት ሳምንት ሄደች። በጣም አዘንኩ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው፦ ክሬዚንግ ያለበት ሸክላ ላይ በረኪና በፍጹም።

ትክክለኛው መንገድ ፋርማሲ የሚሸጠው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማዋል፤ ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ ፐሮክሳይድ ውስጥ ጥቂት ቀን ማቆየት፤ ከዚያ ንጹሕ ውኃ፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ጥላ ሥር ማድረቅ። ቀስ ያለ ሥራ ነው። ውስጡ በውኃ ብዛት ነጭ ቅርፊት የያዘ የአበባ ማስቀመጫ ከሆነ ነጭ ኮምጣጤ ይበቃዋል። ተጣብቆ አልላቀቅ ያለ የዋጋ ወረቀት ላይ የምግብ ዘይት። አንዳንድ የኩኪ ማሰሮ ደግሞ እሳት ያላየ ቀለም አለበት፤ ከተቃጠለ በኋላ ላዩ ላይ የተቀባ ነው። እሱን በሳሙና እንኳ ብትፈትጉት ታጥቦ ይሄዳል።

ሜይ 17፣ ቅዳሜ

ስፕሪንግፊልድ። ከኮሎምበስ ወደ ምዕራብ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ከአንድ ሰዓት በታች ነው። እዚያ በዚህ ወር ትልቅ የአንቲክ (የድሮ ዕቃ) ገበያ ይቆማል፤ ሜዳው ላይ ድንኳን በድንኳን ነው። ከተማዋ አውራ ጎዳናው ዳር ትልልቅ አንቲክ ሞሎችም አሏት። ውኃ፣ ኮፍያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትርና የድሮ ጋዜጣ ይዛችሁ ሂዱ። ጋዜጣው ለመጠቅለያ ነው። ከሰዓት በኋላ ሻጩ ዕቃውን መልሶ መኪና ላይ መጫን አይፈልግም፤ በትሕትና «ከዚህ የተሻለ ዋጋ ይኖራል?» ማለት ብቻ ይበቃል።

የሾኒ ተክል ማስቀመጫ በ5 ዶላር ገዛሁ። ሾኒ ከ1937 እስከ 1961 ዜንስቪል ውስጥ የሠራ ፋብሪካ ነው። ሥሩ ላይ ብዙ ጊዜ «ዩኤስኤ» እና ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ስሙን የማያውቅ ሻጭ በርካሽ ይለቀዋል።

ከዚያ ዓይኔ ሮዝቪል የሚባል የድሮ ፋብሪካ ዕቃ ላይ ዐረፈ። የማግኖሊያ አበባ ያለበት ቡኒ ማስቀመጫ፣ 40 ዶላር። ሕጌን ጣስኩ። እንዲህ ያለውን 100 ዶላር ሲሉ ሰምቼ ስለነበር እጄን መያዝ አልቻልኩም።

ማታ ቤት ስገባ ሥሩን በደንብ አየሁት። ጎልቶ የወጣ ጽሑፍ አለ፤ ሮዝቪል ይላል፤ ዩኤስኤ ግን የለም። በእውነተኛው ላይ ሁለት ቁጥር በሰረዝ ተለይቶ ይጻፋል፤ ከሰረዙ በኋላ የሚመጣው ቁመቱን በኢንች ይናገራል። የእኔው 8 ይላል። ለካሁት። ከሰባት ኢንች ትንሽ ከፍ ይላል።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሸክላ ሲደርቅና ሲቃጠል ይኮማተራል። ከእውነተኛው ዕቃ ላይ ቅርጽ አንስቶ አዲስ የሚያወጣ ሰው የሚያገኘው ልጁን ነው፤ ምንጊዜም ከእናቱ ያንሳል። እንዲህ ያሉ ቅጂዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከቻይና በብዛት ገብተዋል። አበባው ላይ ያለው የብሩሽ ሥራም ሸካራ ነው፤ ከቅጠሉ ቀለም ወጥቶ ፈሷል። ሮዝቪል ፋብሪካ እኮ በ1954 ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ የተሠራ «ሮዝቪል» የለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዩኤስኤ የሚል ቃል የሌለው ሁሉ ቅጂ አይደለም። የቀደሙት አንዳንዶቹ የወረቀት ምልክት ብቻ ነበራቸው፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ የተቀረጸ ሆኖ ዩኤስኤ የሌለባቸውም አሉ። የሚያጠራጥረው ጎልቶ የወጣ ጽሑፍ ይዞ ዩኤስኤ የጎደለው ነው። ሻጩን አልወቅሰውም። ምናልባት እሱም አያውቅም።

73 ዶላር። ከወጪው ከግማሽ በላይ አንድ የውሸት ዕቃ ላይ።

ጁን 14

የጭነት መኪና የሚነዳ ጓደኛ አለኝ፤ አገሩን ሁሉ ያዳርሳል። ዛሬ ከኦክላሆማ ደወለ። ትሪፍት ስቶር ገብቶ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አይቷል።

«ወንድሜ፣ ገልብጠህ ሥሩን አሳየኝ» አልኩት።

ፎቶ ላከ። ፍራንኮማ ይላል።

«አሁን ቅብ ያልነካው ቦታ ላይ አፈሩ ምን ዓይነት ነው?»

«እንደ እኛ ምጣድ ቀይ ነው» አለኝ።

ፍራንኮማን ጆን ፍራንክ የሚባል የሴራሚክ መምህር በ1933 ኦክላሆማ፣ ኖርማን ውስጥ ጀመረው፤ በኋላ ወደ ሳፑልፓ ተዛወረ። መጀመሪያ ሲሠሩበት የነበረው አዳ ከሚባል ቦታ የሚመጣ ነጣ ያለ አፈር ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ሳፑልፓ ቀይ አፈር ዞሩ። ስለዚህ ሰብሳቢው ዘመኑን ከአፈሩ ቀለም ያነባል። ነጩ የቀደመ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። እኔ ግን ቀዩን ነው የወደድኩት። 9 ዶላር። ጓደኛዬ ገንዘቡን አልቀበልም ብሎ ተሟገተኝ፤ ምሳ ጋብዤ ተዘጋ።

እማዬ ቀዩን አፈር በጣቷ ዳሰሰችው። «ይህማ ምንም ማሟሸት አይፈልግ» አለች። እውነቷን ነው። የእኛ ድስትና ምጣድ ቅብ ስለሌለው ይሟሻል፤ በዘይትና በእሳት ቀዳዳው ይደፈናል። የእነሱን የሚደፍነው ያ መስታወት የመሰለው ቅብ ነው። ለዚህም ነው ቅቡ ሲሰነጠቅ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው።

82 ዶላር።

ጁላይ 19፣ ቅዳሜ

በመጨረሻ ዜንስቪል ሄድኩ። ከተማዋ እንደ ዋይ ፊደል ሦስት ቦታ የሚዘረጋ ድልድይ አላት። የከተማው ሙዚየም ውስጥ የአካባቢውን ሸክላ ደርድረውታል፤ የዌለር፣ የሮዝቪልና የሌሎች ፋብሪካዎች ሥራ። ዋጋ ሳይለጠፍበት፣ መብራት ሥር፣ ምርጡን ማየት ዓይን ያሠለጥናል። ያን የማግኖሊያ ቅጂ ከመግዛቴ በፊት እዚህ መጥቼ ቢሆን ኖሮ 40 ዶላሬ አይሄድም ነበር። እውነተኛው ላይ ቀለሙ ከአበባው ጫፍ ወደ መሬቱ ሲሸጋገር ድንበሩ አይታይም።

የሲንሲናቲው የሩክዉድ ፋብሪካ ሥራም የሚገርም ነው። በ1880 ማሪያ ሎንግዎርዝ ኒኮልስ የምትባል ሴት ያቋቋመችው ነው። ምልክቱ ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ነው። ከ1887 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ የእሳት ነበልባል ይጨምሩበት ነበር፤ በ1900 ነበልባሉ 14 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን በሮማን ቁጥር ከሥሩ ጻፉ። ነበልባሉን ቆጥሮ ወይም ቁጥሩን አንብቦ ዕቃው የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ይቻላል። ለበጀቴ ግን አይሆንም።

ከዚያ ወደ ሮዝቪልና ክሩክስቪል ወረድኩ። ጸጥ ያሉ ከተሞች ናቸው። ገበያውን በተመለከተ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። የሸክላው አገር ውስጥ ሸክላው ርካሽ አይደለም። ሻጩ አባቱ ወይም አክስቱ ፋብሪካው ውስጥ ሠርተዋል፤ የያዘውን ያውቃል። ርካሽ የሚገኘው ማንም በማያውቅበት ቦታ ነው፤ ኮሎምበስ ትሪፍት ስቶር፣ የቤተ ክርስቲያን ባዛር፣ ኢስቴት ሴል። እዚህ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፦ እውነቱን የሚነግር ሻጭ።

አንዲት አሮጊት ትንሽ የሮዝቪል ሳህን አሳዩኝ። ጠርዙ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሽርፍ አለች። እኔ ሳልጠይቅ ጣታቸውን ሽርፏ ላይ አድርገው አሳዩኝ። ከዚያ መጋረጃውን ጋርደው ጥቁር ብርሃን የሚያወጣ ባትሪ አበሩበት። ሳህኑ ላይ ምንም አልበራም። የተጠገነና በቀለም የተሸፈነ ቦታ ቢኖረው ኖሮ ከሌላው ተለይቶ ያበራ ነበር አሉኝ። ደህናው ከ50 ዶላር በላይ ነው፤ ይህን በ15 ዶላር ሰጡኝ።

አንዳንድ ሰብሳቢ የተሸረፈ ነገር አይነካም። ለመሸጥ ለሚገዛ ሰው ልክ ነው። ለመስኮቱ ለሚገዛ ሰው ግን ሽርፍ ማለት ቅናሽ ነው።

ሳህኑን አንኳኳሁት። ጠራ ያለ ድምፅ ሰጠኝ።

ኦገስት 23፣ ቅዳሜ

ወጪ 97 ዶላር፣ ዐሥራ ሁለት ዕቃ። 53 ዶላር ቀርቷል። መደርደሪያው አልሞላም፤ ለመሙላት ብዬ ግን የማልወደውን አልገዛም።

የተላጠችዋን ነጭ ማስቀመጫ አልጣልኳትም፤ ጓሮ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። የውሸቱን ማግኖሊያ ደግሞ እውነተኛው የሮዝቪል ሳህን አጠገብ አቁሜዋለሁ። ለመሰብሰብ የሚያስብ ሰው ሲመጣ ሁለቱንም እጁ ላይ አስይዘዋለሁ፤ ልዩነቱን ከማንበብ ይልቅ በእጅ መንካት ቶሎ ያስተምራል። ሥሩ ላይ ግን በማይለቅ ቀለም «ቅጂ» ብዬ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌበታለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚያገኘው ሰው እንዳይታለል።

ያቺ የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ማኮይ ውስጥ እማዬ ጤና አዳም ተክላለች። ስንጥቋ ውኃ እንዳታስወጣ ከነፕላስቲኩ ነው ያስገባችው። ጥቅምት ላይ ብርዱ ሳይገባ ወደ ውስጥ እናስገባታለን።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ዌስተርቪል አካባቢ ኢስቴት ሴል አለ፤ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ከማስታወቂያው ፎቶ ላይ ከመጻሕፍቱ ኋላ አንድ ቢጫ ጆግ ጫፉ ይታያል። ሜትሬንና ባትሪዬን መኪና ውስጥ አስቀምጫለሁ።